የፕሪንተር ባላባቶች

በእኛ መሥሪያ ቤቶች የአንድን ሰው ማዕረግ ለማወቅ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማንበብ አያስፈልግም። ጠረጴዛው ላይ ፕሪንተር አለ ወይ ብሎ ማየት ይበቃል። የራሱ ፕሪንተር ያለው አለቃ ነው። ባለቀለም ያለው የአለቃ አለቃ ነው። ኮፒም ስካንም የሚያደርገውን ትልቁን ከጎኑ ያቆመ ደግሞ ቀጠሮ ተይዞለት እንኳ የማይገኝ ሰው ነው። ፕሪንተር የሌለው “ሠራተኛ” ይባላል። እሱ ፍላሹን ከቤት ቁልፉ ጋር አንጠልጥሎ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ይውላል።

“ጋሼ፣ አንዲት ገጽ ብቻ።”

“ቀለም እያለቀብኝ ነው እኮ!”

“ኧረ አንዲት ናት ጋሼ።”

“እስቲ አምጣ። ቫይረስ የለውም አይደል?”

አለው። ሁልጊዜም አለው።

“መሬት ላራሹ” ከተባለ ግማሽ ምእተ ዓመት አለፈ። መሬቱ በ1967 ዓ.ም. ከባላባቱ እጅ ወጣ ተብሎ ታወጀ። ፕሪንተር ግን እስከ ዛሬ ባላባት አለው፤ ጭሰኛም አለው። ጭሰኛው ደጅ ይጠናል፣ ይለማመጣል፣ ለባላባቱ ሻይ ይጋብዛል፣ ባላባቱ ሲኮሳተር ደግሞ ሥራውን ለነገ ያሳድራል። በሕግ የመንግሥት ወይም የድርጅት ንብረት የሆነው ዕቃ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ የአንድ ሰው ስም ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ርስት ይሆናል።

ነገሩ የሠራተኞች የእርስ በርስ ፉክክር ሆኖ ቢቀር ኖሮ ስቀን እናልፈው ነበር። መከራውን የሚበላው ግን ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠው ባለጉዳይ ነው። ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል። ኮምፒውተሩ ላይ በዓይኗ ታየዋለች። ፕሪንተሩ ያለበት ክፍል ግን ተቆልፏል፤ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። “እናቴ፣ ነገ ጠዋት ይመለሱ።” ከገጠር ለመጣች ሴት ይቺ “ነገ” የአንድ ሌሊት አልጋና የአንድ ቀን ምግብ ዋጋ ናት። አንዲት ወረቀት ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል በሽቦ መሄድ ስላቃታት ማለት ነው።

እዚህ ላይ “ምን ይደረግ፣ አገሩ ድሃ ነው፣ መሣሪያ የለም” የሚል ይመጣል። አልቀበለውም። አንድ የማውቀው መሥሪያ ቤት አለ፤ ስሙ ይቆየን። አንዱ ፎቅ ላይ ያሉትን ፕሪንተሮች መቁጠር ጀምሬ የሁለት እጄ ጣት አለቀ። ገሚሱ አቧራ ለብሷል፤ ቀለሙ አልቆ ወይም ሮለሩ ተበልቶ። ሞዴላቸው የተለያየ ስለሆነ የአንዱ ካርትሪጅ ለሌላው አይገባም። ከኮሪደሩ ጫፍ ባለች፣ “መግባት ክልክል ነው” በተባለች ክፍል ውስጥ ደግሞ አንድ ሰርቨር ሃያ አራት ሰዓት ያጓራል። ሊኑክስ ነው የሚሠራበት፤ ማለትም የዩኒክስ ልጅ። ሕንፃው በሙሉ በኔትወርክ ገመድ ታስሯል። ያም ማለት ለአንድ ፎቅ ሙሉ አንድ ጠንካራ ፕሪንተር ለማካፈል የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ተሟልቷል፤ ያልተሟላው ፈቃድ ነው። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ብለን በየስብሰባው የምንተርት ሰዎች፣ ሃምሳ ሰው ሃምሳ ፕሪንተር ይሸከም ብለን ፈርደናል።

ሥራው ምን ያህል ነው? አንድ ከሰዓት በኋላ። የቡና ሰዓትን ጨምሮ። የኔትወርክ መሰኪያ ያለው ፕሪንተር ይገዛል። ገመዱ ስዊቹ ላይ ይሰካል። የማይለወጥ አድራሻ ይሰጠዋል (በዚህች “የማይለወጥ” በምትል ቃል ላይ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ብዙ ኀዘን ያለው እዚያ ነው)። ከዚያ ሰርቨሩ ላይ ካፕስ የሚባለው የኅትመት ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ አብሮ የመጣ ነው፤ ካልመጣም በነፃ ይጫናል። ትእዛዝ መጻፍ የለመደ ሰው ኤልፒአድሚን ብሎ በአንዲት መስመር የወረፋውን ስምና የፕሪንተሩን አድራሻ ይሰጠዋል። ያልለመደ ሰው ብራውዘር ከፍቶ በር ቁጥር 631 ላይ ይገባና “ፕሪንተር ጨምር” የሚለውን ይጫናል። ያው ነው። የዛሬ ፕሪንተሮች አብዛኞቹ አይፒፒ የሚባለውን የጋራ ቋንቋ ስለሚናገሩ፣ እንደ ድሮው ድራይቨር ፍለጋ በየሲዲው መንከራተት ቀርቷል። ዊንዶውስ ያለውም፣ ሊኑክስ ያለውም፣ ማክ ያለውም በዚያችው ወረፋ በኩል ያትማል።

ወረፋ አልኩ። ጠቡ ያለው እዚህ ቃል ላይ ነው።

ዩኒክስ ከመነሻው የወረፋ ልጅ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብስ በ1969 ሲጀምሩት የሚፈልገው ሰው አልነበረም። አዲስ ማሽን ግዙልን ብለው ሲጠይቁ ያቀረቡት ምክንያት ለጽሑፍ ማዘጋጃ ይሆናል የሚል ነው። በ1971 ከወዳጆቻቸው ውጪ መጀመሪያ የተጠቀመበት የመሥሪያ ቤቱ የፓተንት ክፍል ነበር፤ ሦስት ታይፒስቶች ተቀምጠው ማመልከቻ ይጽፉበትና ያስተካክሉበት ጀመር። እንግዲህ ያ ዛሬ ኢንጂነሩ ሁሉ ስሙን ሲጠራ ደረቱን የሚነፋበት ሥርዓት የመጀመሪያ ደንበኞቹ ጸሐፊዎች ናቸው። የእኛ ጸሐፊ ግን ፍላሽ ይዛ ትዞራለች።

ቆየት ብሎ በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ በኩል በተሰራጨው ዩኒክስ ላይ ኤልፒዲ የሚባለው የኅትመት አገልጋይ መጣ። አሠራሩ በ1990 በጽሑፍ ተቀምጦ ለዓለም ተዳረሰ፤ ዛሬም በር 515 ላይ የሚመልስለት ፕሪንተር አይጠፋም። ሦስት ትእዛዝ አለው፦ ኤልፒአር ይልካል፣ ኤልፒኪው ወረፋውን ያሳያል፣ ኤልፒአርኤም የላኩትን ያስወጣል። ኤልፒኪው ብላችሁ ስትጠይቁት የሚመልስላችሁ ዝርዝር አለ፤ ተራ ቁጥር፣ ባለቤት፣ የሥራው ቁጥር፣ የሰነዱ ስምና መጠን። እየታተመ ያለው አለ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ማን ከማን በፊት እንደመጣ ሁሉም ያየዋል። እነዚያ ሰዎች ይህን የሠሩት ከእኛ የበለጠ ደጎች ስለሆኑ አይደለም። ፕሪንተር ውድ ነበረ፤ ለሁሉም መግዛት አይቻልም፤ ስለዚህ ተሰለፉ። እኛ ደግሞ ድሃ ነን እንላለን፣ ግን መሰለፍ አንወድም። ዳቦ ቤት እንሰለፋለን፣ ታክሲ እንሰለፋለን፤ ምክንያቱም እዚያ ባለቤቱ ሌላ ነው። እኛ ባለቤት የሆንንበት ቦታ ላይ ግን ወረፋ ውርደት ይሆናል።

አንድ ኃላፊ በአንድ ወቅት “የኔ ደብዳቤ ከተላላኪው ፎርም ኋላ ተሰልፎ ሊጠብቅ ነው?” ሲሉ ሰምቻለሁ። አዎን ጌታዬ፤ ግማሽ ደቂቃ። ለነገሩ ካፕስ ለእርስዎም መላ አለው። እያንዳንዱ የኅትመት ሥራ ከ1 እስከ 100 ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ ማንም ምንም ካላለ 50 ነው። የእርስዎን 80 ማድረግ ይቻላል። ችግሩ እኛን አለማወቅ ነው። የእርስዎ 80 መሆኑ በተሰማ ማግስት ምክትልዎ 79፣ የምክትልዎ ረዳት 78 ይጠይቃሉ። የበላይዎ ከመጡ 100 ነው። ወር ሳይሞላ ደብዳቤ በአድራሻ ይጻፍና “የቅድሚያ ቁጥር ስለ መጨመር” የሚል ኮሚቴ ይቋቋማል። ስለዚህ ሁሉንም በ50 ይተዉት። ቢሮ ውስጥ ሰው ሁሉ እኩል የሚሆንበት አንድ ቦታ ይኑር።

ሁለተኛው መከራከሪያ ምስጢር ነው። “የሠራተኛ ጉዳይ፣ የጨረታ ሰነድ፣ የዲሲፕሊን ውሳኔ የጋራ ፕሪንተር ላይ ወጥቶ ማንም ሊያነበው?” ይህ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ነው፤ አላፌዝበትም። መልስ ግን አለው። ሥራው ተልኮ ወረፋው ላይ ታስሮ እንዲቆይና ባለቤቱ ሲለቀው ብቻ እንዲታተም ማድረግ ይቻላል። ለቢሮ ተብለው ከሚሠሩት ፕሪንተሮች ብዙዎቹ ደግሞ ሰውየው ፊታቸው ቆሞ የምስጢር ቁጥር ካላስገባ ወረቀት አይተፉም። ያ የዱሮው ኤልፒኪው ለሁሉም የሚያሳየውን የሰነድ ስም አዲሱ ካፕስ ከሌላ ሰው ዓይን መሸፈን ይችላል። በእውነት የአንድ ወይም የሁለት ሰው ሥራ ከባድ ምስጢር ከሆነ ለእነሱ ለብቻ ይግዙላቸው፤ ማን ከለከለ? እኔ የምጠይቀው ስለ ቀሪው ነው። የስብሰባ ጥሪ ምስጢር ነው? የዓመት ፈቃድ ፎርም ምስጢር ነው?

ምስጢሩ ሌላ ነው። እንነጋገር ከተባለ እንነጋገር።

ሰርቨር ላይ ያለ ወረፋ መዝገብ አለው። እንዲመዘግብ ከታዘዘ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ገጽ እንዳተመ አንድ በአንድ ይጽፋል። ቆጠራው አንዳንዴ ይስታል፤ እንደ ሰው አያፍርም ግን። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በሳምንት ይህን ያህል ገጽ ብሎ ልክ ማበጀትም ይቻላል። አሁን በዚህ ዓይን ቢሮውን እዩት። የአለቃው ልጅ የትምህርት ቤት ሃንድአውት የሚታተመው የት ነው? የማስተርስ ማሟያው፣ ያውም አማካሪው እያስተካከለ አራት ጊዜ እየተመላለሰ፣ በማን ቶነር ነው የታተመው? የእድሩ ደንብ፣ የማኅበሩ ጥሪ፣ የእህት የሠርግ ካርድ ናሙና፣ የጎረቤት የቤት ኪራይ ውል? “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” ያለው ተረት ደራሲው ማን እንደሆነ ባይታወቅም፣ ዛሬ ቢኖር ኖሮ ወረቀት በደስታ እንደሚያጠቃልል አልጠራጠርም። የግል ፕሪንተር መዝገብ የለውም። ቶነር አለቀ ይባላል፣ ግዢ ይጠየቃል፣ ይመጣል። ማን በላው የሚል የለም። እንግዲህ “ምስጢር ይጠበቅልን” የሚለው ጩኸት ገሚሱ የሰነዱን ምስጢር ሳይሆን የቆጠራውን ነው የሚፈራው። ይህን ስል ድሃው ሠራተኛ ለልጁ ሁለት ገጽ ስላተመ ይሰቀል እያልኩ አይደለም። ሁለቱም ይቆጠርባቸው ነው የምለው። ዛሬ የሚቆጠርበት አንዲት ገጽ የለመነው ብቻ ነው።

ሦስተኛው ሰበብ “ሊኑክስ አማርኛ አያትምም” የሚለው ነው። ይህ ድሮ እውነት ነበረ፤ ዛሬ ግን ከእውነቱ የቀረው ሰበቡ ነው። ድሮ ለፊደላችን የተሠራው ፎንት ሁሉ የየራሱ አቀማመጥ ነበረው። በአንዱ የተጻፈው “ሀ” በሌላው ሲከፈት ሌላ ነገር ይሆናል። ያ ፎንት የሌለበት ማሽን ጋ ሲደርስ ደግሞ የእንግሊዝኛ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ይረጫል። በ1999 የወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ ፊደላችንን አስገብቶ ለእያንዳንዷ ቁጥር ሰጣት። ከዚያ በኋላ አቢሲኒካን የመሰሉ፣ ኋላም የኖቶ ቤተሰብ የሆኑ ፎንቶች በነፃ መጡ። በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ፣ ፎንቱ ውስጡ ታቅፎ ፒዲኤፍ ሆኖ ከተላከ፣ ፕሪንተሩ “ሀ”ን ማወቅ አያስፈልገውም፤ ሥዕል እንደሚስል ይስለዋል። ሰርቨሩ ላይ የአማርኛ ፎንት ሳይጭኑ ተራ የጽሑፍ ፋይል በቀጥታ ወደ ወረፋው ልኮ አራት ማዕዘን ሳጥን ሲወጣ “አየህ፣ አልኩህ አይደል” የሚል ባለሙያ ግን አለ። ፎንቱን መጫን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ያለ ጥርጥር የሚያስቸግረው በዱሮ ፎንት ተጽፎ በየማኅደሩ የተቀመጠው ነው። እሱ ተለዋጭ ፕሮግራም ይፈልጋል፤ ያውም ዛሬ ካልተለወጠ ነገ የሚያነበው አይገኝም።

ባለሙያ ካልኩ አይቀር ወደ እሱ ልሂድ፤ አለቃውን ብቻ ወቅሼ ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ።

“የአይቲው ልጅ” የምንለው ሰው አለ። ሙያ አለው፤ አክብረን እንነሣ። ፕሪንተሩን ኔትወርክ ላይ አስገባ ሲባል ያስገባል፤ ሠራተኛው ይደሰታል፤ ጭብጨባ አለ። አድራሻውን ግን እንደመጣለት፣ ኔትወርኩ በራሱ ከሚያድለው ነው የተቀበለው። ሳምንት ሁለት ሳምንት ይሠራል። አንድ ቀን መብራት ይሄዳል፤ መብራት ደግሞ እኛ ጋ መሄድ ልማዱ ነው። ሲመለስ ሁሉም መሣሪያ ባንድ ጊዜ ነቅቶ አድራሻ ይለምናል፣ የትናንቱ የፕሪንተር አድራሻ ዛሬ ለአንዱ ላፕቶፕ ይሰጣል። ሰርቨሩ በታማኝነት ሰነዱን ወደ ላፕቶፑ ይልካል። ላፕቶፕ ደግሞ ወረቀት አይተፋም። ፎቁ በሙሉ “ፕሪንተሩ ተበላሸ” ይላል። አልተበላሸም፤ ቤት ቀይሯል እንጂ። ለዚህ ነው “የማይለወጥ” ያልኩት። አድራሻውን በቁም መስጠት፣ ወይም አዳዩ ለዚያ ፕሪንተር ብቻ እንዲያስቀምጥለት ማድረግ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላም አለ። ካፕስ እንደ አሠራሩ አንድ ሥራ ሲያቅተው ወረፋውን ሊያቆም ይችላል። ፕሪንተሩ ወረቀት ነከሰ እንበል፤ አንዱ ጎበዝ ከፍቶ ወረቀቱን አወጣው። ፕሪንተሩ አረንጓዴ መብራት አበራ። ወረፋው ግን ቆሟል፤ “ቀጥል” የሚለው ሰው ይጠብቃል። ማን ይበለው? የይለፍ ቃሉ ያለው የአይቲው ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ልጁ ደግሞ ፈቃድ ላይ ነው፣ ስልኩ ተዘግቷል፤ ወይም ጭራሹን የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ከለቀቀ ወር ሆኖታል። ሠራተኛው አንድ ቀን ይታገሣል። በሁለተኛው ቀን ፍላሹን ፈልጎ ያወጣል። በሦስተኛው ቀን ወደ ባላባቱ ደጅ ይመለሳል። በወሩ ደግሞ “የኔትወርክ ፕሪንተር ስለማያስተማምን” የሚል የግዢ ጥያቄ ይጻፋል፣ አምስት ትንንሽ ፕሪንተሮችም ይመጣሉ። ኔትወርኩን የገደለው ቴክኖሎጂ አይደለም፤ አንዲት በአንድ ሰው ጭንቅላት የተቆለፈች “ቀጥል” የምትል ትእዛዝ ናት።

መፍትሔው አሳፋሪ ያህል ቀላል ነው። ሥራ ሲያቅተው ወረፋውን ከማቆም ይልቅ ደግሞ እንዲሞክር ማዘዝ ይቻላል። በኡቡንቱና በዴቢያን ላይ ኤልፒአድሚን የሚባል ቡድን አለ፤ የጸሐፊዋን ስም አንድ ጊዜ እዚያ ማስገባት ነው። ያኔ እሷ ራሷ ብራውዘሯን ከፍታ የቆመውን ታስነሣለች፣ የተበላሸውን ሥራ ታስወጣለች። የሰርቨሩን ዋና ቁልፍ አልሰጣችኋትም፤ የፕሪንተሩን ብቻ ነው። እንዲህ ሲባል ግን የአይቲው ልጅ ፊቱ ይጠቁራል። “ነገር ታበላሻለች።” ዩኒክስን ለሦስት ታይፒስቶች የሰጡት ሰዎች ይህን አላሉም። እውነቱን ለመናገር የሚፈራው እሷ እንዳታበላሽ አይደለም፤ እንዳታስተካክል ነው። እሷ ካስተካከለች እሱን ማን ይጠራዋል?

ስለዚህ ጉዳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ፤ ከእኛ በጣም ሩቅ አገር የሆነ። በ1980 ገደማ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ፕሮግራመር አሜሪካ ውስጥ በኤምአይቲ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። ዜሮክስ ኩባንያ ለላቦራቶሪው አዲስ የሌዘር ፕሪንተር ሰጠ። ፕሪንተሩ በኔትወርክ የጋራ ነበር፣ ወረቀት ይነክስ ነበር፣ የነከሰውንም ማንም ሳያውቅለት ቆሞ ይውል ነበር። ሰው ኅትመቱን ሊወስድ ሲሄድ ሁሉም ነገር ቆሞ ያገኘዋል። በፊት በነበረው ፕሪንተር ላይ ስቶልማን ፕሮግራሙን አሻሽሎ፣ ወረቀት ሲነከስ ወረፋ ለሚጠብቁት ሰዎች መልእክት እንዲደርሳቸው አድርጎ ነበር። አዲሱ ላይ እንዳያደርግ ግን የፕሮግራሙ ምንጭ አልተሰጠም። ምንጩ አለው የተባለ አንድ ሰው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዶ ጠየቀው። ሰውየው “ለማንም ላልሰጥ ቃል ገብቻለሁ” ብሎ መለሰው። ስቶልማን ይህን አልረሳውም። በ1983 ዩኒክስን የሚመስል፣ ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥርዓት እሠራለሁ ብሎ አወጀ፤ ስሙንም ግኑ አለው። በ1991 የሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ ሲጨመርበት ዛሬ በየሰርቨር ክፍሉ የሚያጓራው ነገር ሆነ። ካፕስም፣ ማይክል ስዊት በ1999 ሲያወጣው፣ ምንጩ ክፍት ሆኖ ነው የወጣው። አፕል በ2002 ለኮምፒውተሮቹ ወሰደው፤ በ2007 ደግሞ ሰውየውን ቀጥሮ የፕሮግራሙን ባለቤትነት ገዛው። እንዲያም ሆኖ ለእኔና ለእናንተ ክፍት እንደሆነ ቀርቷል።

እንግዲህ ተመልከቱ። አንድ ሰው የፕሪንተር ምስጢር ቢነፈግ ተቆጥቶ ዓለም የምትጠቀምበትን ነገር አስጀመረ። እኛ ያንኑ ክፍት ነገር በነፃ ተቀብለን አምጥተን፣ “መግባት ክልክል ነው” የተባለ ክፍል ውስጥ አስገብተን፣ የይለፍ ቃሉን አንድ ልጅ ኪስ ውስጥ ከተትነው። ዜሮክስ እንኳ ቢያንስ ትርፍ ፈልጎ ነው። የእኛው ለምኑ ነው?

ስለ ደኅንነት የሚያነሣ አይጠፋምና ልቅደመው። በመስከረም 2024 ከካፕስ ጋር አብሮ በሚሄድ፣ ፕሪንተሮችን በራሱ በሚፈልግ አጋዥ ፕሮግራም ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር። በር 631 ላይ ከማንም የመጣን መልእክት ያምናል፤ ክፉ ሰው የሐሰት ፕሪንተር አስመዝግቦ፣ አንዱ ሲያትምበት ሰርቨሩ ላይ የፈለገውን ትእዛዝ ሊያስፈጽም ይችላል። ይህ ተራ ወሬ አይደለም፤ እውነት ነው። ግን የመፍትሔው ዝርዝር ደግሞ ይህ ነው፦ አጋዡን ፕሮግራም ካልፈለጉት ይዝጉት፣ ያንን በር ከውጭ በፋየርዎል ይከልክሉ፣ ሰርቨሩን ያድሱ። ሰርቨሩን ለዓመታት ያላደሰ ቢሮ ይህን ቀዳዳ ጠቅሶ “ለዚህ ነው የግል ፕሪንተር የሚሻለን” ቢለኝ አልሰማውም። ለመሆኑ ያ በየቢሮው የሚዞረው ፍላሽ ምን ተሸክሞ ነው የሚዞረው?

የግዢ ክፍሎችም ከዚህ ተጠያቂነት አያመልጡም። ጨረታው ላይ “ፕሪንተር፣ ብዛት 10” ተብሎ ይጻፋል፤ ርካሹ ያሸንፋል። ርካሹ ፕሪንተር ዱላውን የሚያሳርፈው ካርትሪጁ ላይ ነው፤ ይህን ግዢ ክፍል ሳይቀር ያውቀዋል። ከርካሾቹ አንዳንዶቹ ደግሞ የራሳቸው ጭንቅላት የላቸውም። ገጹን የሚያዘጋጅላቸው የአንድ ኩባንያ የዊንዶውስ ድራይቨር ብቻ ስለሆነ ለሊኑክስ ሰርቨር ደንቆሮ ናቸው። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ሦስት መስመር ጨምሩበት፦ የኔትወርክ መሰኪያ ይኑረው፣ አይፒፒ ይናገር፣ ፒዲኤፍ ወይም ፖስትስክሪፕት በራሱ ይረዳ። ከአሥሩ ይልቅ ሁለት ግዙ፤ አንዱ ሲታመም ሌላው እንዲተካ። ካፕስ ሁለቱን በአንድ ስም አጣምሮ ሥራ የሌለው እንዲያትም ማድረግም ይችላል።

የሚቀጥለውን ደግሞ የምለው ለአይቲው ልጅ ነው፤ በፍቅር። ወንድሜ፣ ሁሉን ጨርሰህ ከመሄድህ በፊት አንድ ገጽ ጻፍ። የፕሪንተሩ አድራሻ ይህ ነው። የወረፋው ስም ይህ ነው። ወረቀት ከነከሰ በዚህ በኩል ክፈት። ወረፋው ከቆመ እገሊትን ጥራ፣ እሷ ከሌለች እገሌን። መብራት ሄዶ ከመጣ አምስት ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ ሞክር። በአማርኛ ጻፈው፤ በዩኒኮድ። ከዚያ በዚያው ወረፋ በኩል ላከውና፣ ተራህ ሲደርስ ወጥቶ ስታየው፣ ፕሪንተሩ ክዳን ላይ በፕላስተር ለጥፈው።